በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ጥንስስ

«እማዬ፣ ልጅሽ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብላ ልጄ ጠየቀችኝ።

እሱ ያለችው ባሏን ነው። ሁለቱም ከእኔ ጋር ነበር የሚኖሩት። አማቼ ቁልፍ ሠሪ ነው። እጁ ብልህ ነው፣ ጨዋታም ያውቃል፣ ግን ማታ ማታ መጠጥ ቤት ያመሻል። ሁልጊዜ «ከነገ ጀምሮ ተውኩ» ስለሚል ልጄ «አቶ ነገ» የሚል ስም አወጣችለት። በመጨረሻ ሲመርራት፣ «አንድ ወር ሙሉ እቤት ካመሸህ እኖራለሁ። አለዚያ ልብሴን ይዤ እወጣለሁ» አለችው።

በማግስቱ ብቅል፣ ቢራን መራራ የሚያደርገውን አበባና እርሾ ገዝቶ መጣ።

«ቢራ እዚሁ ልጥመቅ። እጄ ሥራ ከያዘ መውጣቱን እረሳዋለሁ» አለ።

«መጠጥ ቤቱን ወደዚህ ልታዛውረው ነው?» ብላ ሳቀችበት።

እኔ ግን ደስ አለኝ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሌን ለቀቅኩለት። ቆሻሻ ከነካው ይበላሻል ስላለኝ ባልዲውን፣ ማጥለያውን፣ ማማሰያውን አብረን ፈተግን። ጠዋት ብቅሉን ከአበባው ጋር አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ባልዲው ውስጥ ከደነው።

«እማማ፣ ማታ ስመለስ እርሾውን እጨምርበታለሁ። እስከዚያ ይቀዝቅዝ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። በጣም ከቀዘቀዘም እርሾው እንደማይነሳ ነግሮኝ ነበር። ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥቼ ባልዲውን ጠቀለልኩት።

ማታ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ብርድ ልብሱን ገልጦ ባልዲውን ዳሰሰው።

«ገና ትኩስ ነው። ትንሽ እንቆይ።»

ልጄ በሩን ተደግፋ ቆማለች። «ነገ በላ! መቼ አጣሁህ!» አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። እርሾውን ገለበጠበት።

ከዚያ ጠበቅን። እርሾው ከሠራ በክዳኑ ላይ ባለችው ቱቦ አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ መውጣት ነበረበት። ምንም የለም። ጥቂት ቀን አይቶ ከፈተው።

«እርሾው በሙቀቱ ሞቷል። ቸኩዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አቶ ነገ ቸኮለ? ጉድ ነው!»

ስለ ብርድ ልብሱ ትንፍሽ አላለም። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ያስቸኮልሽው አንቺ ነሽ። እሱ እኮ ከጀመረ ወዲህ አንድም ማታ አልወጣም» አልኳት።

ያኔ ነው «ልጅሽ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብላ የጠየቀችኝ። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ዓመት መስኮት ላይ ቆሜ ስጠብቀው፣ አንድ ቀን ለእኔ እንዲህ ተናግረሽልኝ ታውቂያለሽ?» አለች።

ተናግሬላት አላውቅም። ሁልጊዜ «ቻይው» ነበር የምላት። አሁን «አንቺ ነሽ ልጄ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ባልዲውን አቅፎ ወደቆመው ወደ እሱ ሄደ። ወዴት እንዳየሁ አየች።

«ገባኝ» አለችና ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።

«ወሩ ገና አልሞላም። እንደገና እንጠምቀዋለን» ብሎ ለመናት።

«አሁንስ ካንተ አይደለም የምሄደው» አለችው እኔን እያየች።

ልጄ አክስቷ ቤት ገባች። አማቼ እኔ ጋ ቀረ።