የእንፍራንዝ ኑግ

ግሩም ጠርሙሱን ለሃያኛ ጊዜ ናጠና ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ከላይ ውሃ የመሰለው ነዳጅ፣ ሜታኖሉ፣ ከታች ቢጫው ዘይት፣ እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች ድንበራቸውን አስምረው ቁጭ ብለዋል። እንደገና ናጠው። ለአፍታ ደፈረሰ፤ ከዚያ ተመልሶ ለሁለት ተከፈለ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ማለት ይኼ ነው።

"ሦስት ሰዓት ከስምንት" አሉ አቶ ገድሉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ።

አቶ ገድሉ ፈቃዱን የሰጠው ቢሮ የላካቸው ተቆጣጣሪ ናቸው። ግሩም አሥራ አንድ በር አንኳኩቶ ያገኘው ወረቀት "አንድ የአሻንጉሊት አውሮፕላን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 4፡00፣ በሐይቁ ዳር ሜዳ" ይላል። አራት ሰዓት ሲሞላ አውሮፕላኑ አየር ላይ ቢሆንስ ብሎ ሲጠይቃቸው አቶ ገድሉ ጥቂት አሰቡና፣ "ይውረዳ!" ብለውታል።

ግሩም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ባሕር ዳር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ክንፉ ሁለት ክንድ የሚሞላውን አውሮፕላን በሦስት ዓመት ሠርቶ ሲጨርስ፣ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ ጡጫ የምታክል ፎር ስትሮክ ሞተር ላከለት። ነዳጅ ግን በአውሮፕላን አይላክም፤ እሱን ራስህ ቀላቅል ተባለ። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱን ለብቻ፣ ነዳጁን ለብቻ ይወስዳል። ይህቺ ሞተር ግን ዘይቷን ከነዳጇ ጋር ቀላቅላ የምትጠጣ ናትና ቅልቅሉ ከተበላሸ አለቀላት።

የጉሎ ዘይት ይሻላል? ሙቀት ይችላል፤ ግን ቫልቩ ላይ እንደ ሙጫ ይጋገራል። ፋብሪካ የሚሠራው ሲንተቲክ ዘይት ይሻላል? ንጹሕ ነው፤ ግን ሞተሩ ከልክ ያለፈ በጋለ ዕለት ጥሎ ይጠፋል። ከመቶ ሃያ ይሁን ወይስ አሥራ ስምንት? ግሩም በዚህ ነገር ስምንት ወር ተከራከረ፤ የተከራከረውም ከራሱ ጋር ነው። ሚስቱ ሰገነት አንድ ቀን እራት ላይ፣ "ለልጆቻችን ስም ስናወጣ እንኳ እንዲህ አላሰብህም" አለችው። በመጨረሻ ወንድሙ የላከው ትንሽ ሲንተቲክ በሙከራ አለቀና ክርክሩን ጉሎ አሸነፈ። ግሩም የጉሎውን ዘይት በሰገነት የጥምቀት ነጠላ ሦስት ጊዜ አጥልሎ ኩሽና ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። ሜታኖሉን ግን መርዝ ስለሆነ የራስ ቅል ሥሎበት ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። አየር ሲያገኘው ውሃ ይስባል ብሎ ሁለቱን የቀላቀላቸው ዛሬ እዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ። ከዚያ ጣቱን ነክሮ በሁለት ጣቶቹ መሐል አሸው። ቀጭን ነው። ጉሎ እንዲህ አይቀጥንም።

"ሰገነት!" ብሎ ጮኸ። "ይኼ ኑግ ነው!"

ሰገነት የእናቷን ዣንጥላ እንደያዘች ቀና አለች። እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በእሳቸው አገር አማትና አማች ይፈራራሉ። አራት ወር በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ እሱ ፊት እህል ቀምሰው፣ ስሙን ጠርተው፣ ፊት ለፊት አንድ ቃል ተናግረውት አያውቁም። ለግሩም የሚደርሰው ነገር ሁሉ፣ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ እየሰማ እንኳ፣ "በዪው" ተብሎ በሰገነት በኩል ነው የሚደርሰው።

ከእንፍራንዝ የመጡት ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ነው። የሚተኙት ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ትርፍ ክፍል አለ፤ እሱን ደግሞ አውሮፕላኑ፣ ሞተሩና የግሩም ስምንት ወር ክርክር ይዘውታል። ሰገነት ታገሠች፣ ታገሠችና ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነገረችው፦ ቅዳሜ ከበረረ ክፍሉ የግሩም፣ ካልበረረ የእናቷ። ግሩምም እጁን መትቶ ተስማማ። ይኼ ውል ሲዋዋሉ ወይዘሮ የሺመቤት በር ሥር ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

ግሩም ይኼን ሲያስታውስ ደሙ ፈላ። ሰገነት አጠገቡ ስትደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጉሎውን ማን ቀየረው?" አላት።

"እኔ እንጃ። እማዬን ልጠይቃት።"

ሄደች። ሃምሳ እርምጃ ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ ተነጋግራ፣ ሃምሳ እርምጃ ተመለሰች። አቶ ገድሉ፣ "ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት" አሉ።

"እማዬ ናት።"

"አውቄዋለሁ! ክፍሉን ፈልገው ነው። ክፍሉን!"

ሰገነት ቀላች። "እናቴን? እናቴ ተንኰለኛ ናት ልትለኝ ነው?"

"እንዳይበር ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?"

ሰገነት ዞር ብላ አሁንም ሃምሳ እርምጃ ሄደች። ግሩም ከሩቅ ሲያይ ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው በሁለት እጃቸው ይናገሩ ጀመር። ነፋሱ ድምፃቸውን ይዞለት መጣ።

"ጉሎ? ሹም በተሰበሰበበት፣ ሕዝብ እያየው ጉሎ ያጠጣዋል? ጉሎ የምጣድና የቆዳ ነው! ሰውዬው ከሰው ፊት እንዳያፍር ብየ ከቤቴ ያመጣሁትን ኑግ፣ ለጾሜ ያስቀመጥሁትን፣ ገልብጨ ሰጠሁት። ክፍሉማ ይቅርብኝ! እኔ ሶፋው ይበቃኛል። ይብረርለት በዪው።"

ሰገነት ተመልሳ መጣች። እናቷ ያለችውን እንደ ሰማ ከፊቱ አውቃለች። ግሩም ጠርሙሱን ይዞ ቆሟል። ያቺ አንድ ጠርሙስ ኑግ ከእንፍራንዝ በእቅፋቸው እንደመጣች፣ ሰገነት እንኳ ለሽሮ ብትለምናቸው "ለሁዳዴ ነው" ብለው እንደከለከሏት ያውቃል። ከራሱ ሌላ የሚረግመው አጣ። አራት ወር ሙሉ፣ ዘይት ከሜታኖል ጋር ይታረቃል ወይስ አይታረቅም እያለ ሲጨነቅ፣ ሶፋ ላይ የምትተኛ ሴት ወገቧን ያማት እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቀም። አፈረ።

"ጉሎውንስ የት አደረጉት?" አላት፣ በለሰለሰ ድምፅ።

"ሶፋውን ቀብታዋለች። ቆዳ መስሏት። ጠዋት ስቀመጥ ተንሸራትቼ መሬት የወረድሁት ለዚያ ነው።"

"ሦስት ሰዓት ከአሥራ አምስት" አሉ አቶ ገድሉ።

ግሩም ጥቂት ሜታኖል በትንሽ ብልቃጥ ቀዳ፣ ብልቃጡን ኪሱ ከተተ፣ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ በሁለት እጁ ባጃጅ አስቆመ። ጉሎ ቅዳሜ ጠዋት የት ይገኛል? ፋርማሲዎቹ ገና አልተከፈቱም። ባጃጁ ፔዳ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ሲደርስ ግን አንድ የተከፈተ ቤት አየ፦ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ መስኮቱ ላይ "ፀጉር የሚያበቅል ዘይት" የሚል ጽሑፍ። ቢቸግር ጤፍ ብድር ብሎ ገባ።

ባለቤቷ ዜማ የምትባል ወጣት ናት። ሦስት ሴቶች ፀጉራቸውን ተጠቅልለው የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል። ሁሉም አዩት፤ ከዚያ መላጣውን አዩት።

"የጉሎ ዘይት አለ?" አለ ግሩም፣ እያለከለከ።

ዜማ በሐዘኔታ ተመለከተችው። "ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ሥሩ ከሌለ አይበቅልም።"

"ለፀጉር አይደለም። ለአውሮፕላን ነው።"

ካስክ ሥር ካሉት አንዷ ስልኳን አስቀመጠች። ዜማ ግን ነጋዴ ናትና ደንበኛን አትመልስም፤ ሦስት ጠርሙስ ደረደረችለት። አንደኛው ከኮኮናት የተቀላቀለ፣ ሁለተኛው የጥብስ ቅጠል የተነከረበት፣ ሦስተኛው ስም የሌለው፣ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ።

"ይኼን ይተውት" አለች ሦስተኛውን ወደ ኋላ እየገፋች። "አንዲት የመራዊ ሴት ናት የምታመጣልኝ። ሽታም የለው፣ ዕቃውም አያምርም። እኔ እንኳ የምቀላቅለው ከሌላው ጋር ነው።"

ግሩም ብልቃጡን አወጣ። "እንዳትነኩት፣ መርዝ ነው" ብሎ ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ለምኖ ጥቂት ቀዳበትና ከኮኮናቱ ጠብታ ጨምሮ ናጠ። ደፈረሰ። ደፍቶ ከብልቃጡ በተቀዳ አዲስ ሜታኖል የጥብስ ቅጠሉን ሞከረ። እሱም ደፈረሰ።

"ምን እያደረገ ነው?" አለች አንዷ ሴት።

"ፎርጅዱን እየለየ" አለች ሌላዋ። "እይው፣ ኮኮናቱ ደፈረሰ! ዜሙ፣ ያ የሸጥሽልኝ ነው እኮ!"

"ኧረ በማርያም! ጋሼ፣ ስሜን አጠፉት!"

ግሩም ደፍቶ፣ አዲስ ቀድቶ ሦስተኛውን ጨመረ፤ ናጠ፤ ወደ መስኮቱ አነሣው። ወለል ብሎ ጠራ። እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ከዘይት ሁሉ ከሜታኖል ጋር የሚስማማው ጉሎ ነው፤ ያውም ምንም ያልተቀላቀለበት ጉሎ። ግሩም ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ ዜማን ሊስማት ምንም አልቀረው።

"ይኼ ነው! ንጹሕ ነው! የመራዊዋን ሴት እግዜር ይስጣት!"

"ለእኔም ከእሱ" አሉ ሦስቱም ሴቶች በአንድ ድምፅ። ዜማ የደነገጠ ፊቷን መልሳ ሰብስባ፣ "እሱማ ልዩ ነው፤ ዋጋው ይለያል" ስትል ግሩም ከፍሎ ወጥቶ ነበር።

ሜዳው ላይ ሲደርስ አቶ ገድሉ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ "ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ" አላቸው ራሱ። ዘይቱን በሰገነት ነጠላ አጠለለ፤ በሕግ አምላክ ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጣትም። ከዚያ ስምንት ወር የተከራከረበት መጠን ላይ ደረሰ። ሃያ? አሥራ ስምንት? ሚዛኑ ቤት ነው። በሲሪንጅ አንድ እጅ ዘይት፣ አራት እጅ ሜታኖል ቀዳ፤ ሃያ ከመቶ ሆነ። ይኼ ሁሉ የፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት ፊታቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ ሐይቁ አዙረው ስለ ነበር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላዩም። ሰገነትም ዘይቱ መቀየሩን አልነገረቻቸውም።

ግሩም ካንዴላውን በባትሪ አጋለ፤ ፕሮፔለሩን እንዲሽከረከር በእንጨት መታ። ምንም። ደግሞ መታ። ምንም። "አሥር ደቂቃ ቀረዎት" አሉ አቶ ገድሉ፤ እሳቸውም ሳያስቡት አውሮፕላኑ አጠገብ ተንበርክከው ነበር። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ሳል ሳል አለው፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ወፈር ባለ ድምፅ እንደ ሩቅ ወፍጮ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ።

"ያዙልኝ!" አለ ግሩም። አቶ ገድሉ ጅራቱን ያዙ። የዘይቱ ጭስ ፊታቸውን ሲቀባው ዓይናቸውን እንኳ አልጨፈኑም።

ሲለቁት አውሮፕላኑ ሣሩን እየከረከመ ሮጠ፤ ተንገዳገደ፤ ተነሣ። በቄጤማው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ድንጋይ ላይ የተኮለኮሉት ይብራ የሚባሉት የሐይቁ ወፎች እንደ ጉባኤ ሊቃውንት ቀስ ብለው ተነሡ። ግሩም ሪሞቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሁለት ዙር አዞረው። በሦስተኛው ዙር ከኋላው እልልታ ተሰማ፤ ረጅም፣ የእንፍራንዝ እልልታ። ዘወር ለማለት አልቻለም፤ ማን እንደሆነች ግን ለማወቅ መዞር አላስፈለገውም።

አምስት ደቂቃ ሲቀር አውሮፕላኑ አንዴ ነጥሮ ሣሩ ላይ አረፈ። ሰገነት ባሏን አቅፋ፣ "ተረታሁ። ክፍሉ ያንተ ነው" አለችው በጆሮው።

አቶ ገድሉ ፊታቸውን በመሐረብ ጠራርገው ቅጻቸውን አወጡ። የቢሮ ድምፃቸው ተመልሷል። "የበረራ ቁጥር፣ አንድ። አደጋ፣ የለም። የነዳጅ ዓይነት?"

"ሜታኖል፣ ሰማንያ ከመቶ።"

"የዘይት ዓይነት?"

ግሩም አፉን ከፈተ። ሃያ ከመቶ፣ ያልተቀላቀለ፣ በነጠላ የተጠለለ የጉሎ ዘይት። በሕይወቱ እንዲህ አጥርቶ የሚያውቀው መልስ ኖሮት አያውቅም። ግን ወይዘሮ የሺመቤት ሃምሳውን እርምጃ ትተው ቀርበዋል። አምስት እርምጃ ላይ ቆመው፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ፣ የሚስቅ ፊታቸው በሙሉ ይታያል። ግሩም ይህን ፊት በሙሉ ሲያየው የመጀመሪያው ነው።

"ኑግ መሆኑን ንገሪው" አሉ ለልጃቸው። "የእንፍራንዝ ኑግ።"

ሰገነት ባሏን አየችው። ግሩም አንድ ጠብታ ሲዛነፍ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው፤ የመንግሥት ቅጽ ላይ ውሸት ማስፈር ደግሞ ጥርስ ከማስነቀል አይሻልለትም።

"ኑግ ነው" አለ። "የእንፍራንዝ።"

አቶ ገድሉ ጽፈው ማኅተም መቱበት።

"ለሚመጣው ጊዜ አንድ ጀሪካን አስመጣለታለሁ በዪው" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

ሰገነት "እማዬ አንድ ጀሪካን..." ብላ ስትጀምር ግሩም አልፏት ሄዶ ከአማቱ ፊት ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ።

"እማማ፣ ጀሪካኑ ሲመጣ አልጋዎ ሥር ያስቀምጡልኝ። ክፍሉን ከምሳ በፊት አጸዳለሁ፤ አልጋውን ዛሬ አስገባለሁ።"

ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሊያነሡ ጀምረው እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። ልጃቸውን አዩ፤ ሰገነት ግን ወደ ሐይቁ ዞራ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ የሚያስተላልፍ ጠፋ። ፊት ለፊት አዩት።

"እሽ" አሉት። "ግን ያ ጉሎ ጉሎ የሚሸት ዕቃዎ ሁሉ አስቀድሞ ይውጣ።"

"ይወጣል፣ እማማ" አለ ግሩም፤ ተንበርክኮም የአውሮፕላኑን ክንፍ መፍታት ጀመረ።