የወልደ ሚካኤል ጆሮ ሽምግልና ሄደ

እጅጋየሁ ክፉውን አስቀድማ ካላሰበች እንቅልፍ አይወስዳትም። ባሏ ወልደ ሚካኤል የጆሮ መስሚያ ሲገጠምለት እንኳ ደስታዋ ለአፍታ ነበር።

ሴቻ ሰፈር ባለው ክሊኒክ፣ ፌቨን የምትባል ወጣት ባለሙያ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው። ቀጭን ቱቦ ጆሮው ውስጥ ከትታ፣ ድምፅ እያሰማች ኮምፒዩተሩ ላይ የሚወጣውን መስመር አየች።

«ይኸው እማማ፣ ልክ ነው! አባባ በደንብ እየሰሙ ነው።»

«ሰው ሲስመውስ?»

«እ?»

«ጉንጭ ለጉንጭ ሲገጥም ነው የምልሽ!»

«እሱን እንኳ ማሽኑ አይለካም።»

«እኔ እለካዋለሁ» አለችና የባሏን አንገት አንቃ አገላብጣ ሳመችው። ጆሮው «ፊይይይ!» ብሎ አፏጨ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ፊት!» አለ ወልደ ሚካኤል። «ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ስመሽኝም አታውቂ!»

ፌቨን ሳቋን እየዋጠች፣ ጆሮው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ትንሽ ስለላላ ድምፁ እያፈተለከ ጉንጭ ሲጠጋው እንደሚያፏጭ ነገረቻቸው። በልኩ የሚሠራው ሌላ ፕላስቲክ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሽምግልናው ግን እሑድ ነበር። ልጃቸው ልዑልሰገድ ሐሴትን ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ አቶ ዳልጮ «አባትየው ራሱ ይምጣ» ብለው መልሰዋቸዋል። አቶ ዳልጮ ደግሞ ጫኖ በሚባለው መንደር የሙዝ ገበሬ ናቸው፤ ሰው ሲስሙ ጉንጭ አያስተርፉም።

«ሲስሙህ ያፏጫል» አለች እጅጋየሁ። «'ልጄን ሊጠይቅ መጥቶ ያፏጭብኛል' ብለው ያባርሩሃል። ልጄ ቆሞ ቀረ!»

«ታዲያ ላውልቀው?»

«ካወለቅከውማ ስለ ልጅቱ ሲጠይቁህ ስለ ዝናብ ትመልሳለህ!»

እሑድ ቤት መቀመጥ አልቻለችም። ባጃጅ ይዛ ባሏንና ሽማግሌዎቹን ተከተለችና ከአቶ ዳልጮ አጥር ሥር ነጠላዋን ተከናንባ አደፈጠች። ሽማግሌዎቹ ገቡ።

«እንዴት ከረማችሁ!» የሚል የአቶ ዳልጮ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ፊይይይ! በሌላኛውም ጉንጭ፣ ፊይይይ!

«አለቀልን» አለች።

«ምኑ ነው ያለቀው እትዬ?» አለ ባለ ባጃጁ።

ሳትመልስለት በሩ ብርግድ አለ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው በሩጫ ወጡ፤ አቶ ዳልጮ ዱላ ይዘው ከኋላ!

«ሊገድሏቸው ነው! ንዳው!» አለች እጅጋየሁ ባጃጁ ውስጥ ዘላ ገብታ።

ባለ ባጃጁ ሞተሩን ሳያስነሳ አቶ ዳልጮ ሽማግሌዎቹን ቀድመዋቸው አለፉ። «በግራ! ወደ ሙዙ!» እያሉ ይጮሃሉ። «ዘበኛው አፏጨ፣ ዝንጀሮ ገብቷል!»

ዝንጀሮ ሲያይ የሚያፏጨው የሙዙ ዘበኛ ግን ዛፍ ሥር አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ እውነትም ገብተዋል፤ አንዱ ሙሉ ዘለላ ታቅፎ ሲሮጥ እጅጋየሁ በዓይኗ አየችው።

አቶ ዳልጮ እያለከለኩ ሲመለሱ፣ ወልደ ሚካኤል ያፏጨው የጆሮ መስሚያው መሆኑን ነገራቸው፤ እሳቸውም ትከሻውን ያዙ። «ዘበኛዬ ተኝቶ የእርስዎ ጆሮ ጠበቀልኝ! ልጄን ሰጥቻለሁ። ይቺን ጆሮ ግን ማንም እንዳይነካት!» ብለው እንደገና ሳሙት።

ፊይይይ!

እጅጋየሁ እልል ልትል አፏን እንደከፈተች ሌላ ጭንቀት ያዛት። ስልኳን አወጣች።

«ፌቨን ልጄ፣ ያ አዲሱ ፕላስቲክ... እባክሽ ሠርጉ እስኪያልፍ ልክ እንዳይሆን!»