አንዲት ፍሬ ባቄላ

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሐብቴም እንዲያው ነው። ከቡሬ የመጣው ወጣት መምህር ምስክር ከሰንበቴው ቤት ገብቶ፣ «የማጠናው ስለ ሀብት ልዩነት ነው። ሰው ከሰው የሚጋጨው አንዱ ስላለው፣ ሌላው ስለሌለው ነው ይባላል» ሲል ሐብቴ ዋንጫውን ቁጭ አደረገ። ይህን ወሬ ያውቀዋል። ባለፈው ይህንኑ ሲያወሩ የመጡት ሰዎች መሬቱን ወስደውበት ነው የሄዱት።

ነገሩ የሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል ነው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን ቁልፍ ይዞ ስለነበር «ቢሮክራት» አሉት። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። አራት ጥማድ ተዉለትና የቀረውን ለሌላ ሰጡበት።

መምህሩ ከፌስታል ባቄላ አወጣና መሬቱ ላይ ለየአባወራው አንድ አንድ ክብ በጣቱ ጫረ። «ብዙ ያለው ብዙ ፍሬ፣ ትንሽ ያለው ትንሽ ያኑር። ለውይይት ያህል ነው፤ ስም አልጽፍም» አለ በትሕትና። ስም አልጽፍም! እነዚያም ሲመጡ እንዲህ ለስላሳ ነበሩ።

ሰንበቴተኛው ተያየ። የመጀመሪያው ተነሥቶ አንዲት ፍሬ ጣለ። ተከታዩም እንዲሁ። ቢሆነኝ ብቻ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ አፈሰሰ። ምን ያስፈራዋል? እሱ በድልድሉ የተሰጠው እንጂ የተነጠቀ አይደለም።

የሐብቴ መከራ ይኸው ቢሆነኝ ነበር። የሐብቴ ልጅ ምሥጋናው የቢሆነኝን ልጅ ካየ ወዲህ እህል አይወርድለትም። ሽማግሌ ተልኳል፤ ቢሆነኝም «ኑሯቸውን ልየው» ብሎ ቃሉን አቆይቷል።

ተራው ደረሰ። ሐብቴ እፍኙን ሞላ። በሬዎቹን፣ ጎተራውን፣ ቀፎዎቹን ሁሉ እዚያች ክብ ውስጥ ዘርግፎ ቢሆነኝን ደስ ማሰኘት አማረው። ቀና ሲል ግን የመምህሩ ዓይን እጁ ላይ ተተክሏል። ባቄላውን ወደ ፌስታሉ መለሰና አንዲት ፍሬ አኖረ።

«ጋሼ፣ ይችው ናት?» አለ መምህሩ።

«ይችው ናት ልጄ። እኛ ምን አለን?»

ቢሆነኝ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። «አያ ሐብቴ፣ በሬው ሞልቷል፣ ጎተራው ሞልቷል ብለው አይደል ሽማግሌ የላኩብኝ? በሉ እንግዲህ፣ ልጄን ለረሃብ አልድርም።»

እውነቱን ቢናገር መምህሩም ይሰማል። ሐብቴ ዱላውን አንሥቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቷል። ሚስቱ አየለች ቀና ብላም አላየችው። ምሥጋናው ከመደቡ ላይ እንደተቀመጠ፣

«አባየ፣ መምህሩ እውነት መሬት ሊወስድ ነው የመጣው?» አለ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለ ሐብቴ። «እኔ እንጃ።»