ንጉሡ ይገዛል

ተርጓሚዋ ካፖርቶቹን ከቁም ሳጥኑ እያወጣች አልጋው ላይ ትከምር ነበር። መጀመሪያ የዝናቡን፣ ቀጥሎ ወፍራሙን፣ በመጨረሻ አክስቷ ለሥራ ትለብሰው የነበረውን ሰማያዊ ኮት። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ውስጡን በብርድ ልብስ አልብሳ ማይክሮፎኑን መሀል ላይ አቆመች።

"ልትቀብሪኝ ነው?" አለች አክስቷ፣ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ።

"ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው፣ አክስቴ።"

"እሺ ሰረዝ። ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ።"

ሰረዝ ያለቻት በልጅነቷ ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ የት እንደምታኖር ግማሽ ቀን የምታስብ፣ ሰው ፊት ግን አንድ ቃል ለመተንፈስ ላብ የሚያጠምቃት ልጅ ስለነበረች፣ ስሙ ልክክ ብሎላት ቀረ።

አክስትየዋ ሃያ ሁለት ዓመት የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ነበረች። "ተጓዦች ወደ አራተኛው በር!" ስትል እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንኳ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይነሳል፤ መንገደኛ ያልሆነውም ጭምር። ባለፈው ወር መናኸሪያው የሚያነብ ማሽን አስገባና አሰናበታት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ድምፅዋ ጠፋ። ጨው እንኳ የምትጠይቀው በአገጭዋ ነበር።

ተርጓሚዋ የምትሠራበት ትንሽ ስቱዲዮ ስለ ጥንት ነገሥታትና ስለ ግንብ ከበባ የሚያጫውት የኮምፒውተር ጨዋታ ወደ አማርኛ መልሶ ነበር። አሁን ማስፋፊያው መጣ። ዋናው ጨዋታ ላይ የሚጫን ነው፤ አዳዲስ ግንቦች፣ ሰላዮችና በወርቅ የሚከዱ ባለሟሎች አሉት። ከሁሉ በላይ ግን የምትናገር አማካሪ አለችው፤ በየደቂቃው ምን እየሆነ እንዳለ ለተጫዋቹ ትነግረዋለች። ለእሷ ድምፅ ያስፈልግ ነበር።

"ማሽን በነጻ ያነብልኛል" ብሏታል አለቃዋ። "ለማንኛውም የአክስትሽንም ላኪ። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱን ሰምቼ አንዱን እመርጣለሁ።"

አክስትየዋ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ጉሮሮዋን ስትጠራርግ፣ ቤቱ መስኮት የተከፈተለት ያህል ሆነ። ተርጓሚዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ማዳመጫዋን ደፍታ ተቀመጠች።

አረፍተ ነገሮቹ ያለ ቅደም ተከተል ነበር የተዘረዘሩት። "ባለሟሉ ወርቁን ተቀበለ" ከሚለው ሥር "ንጉሡ ይገዛል" የሚል አለ። ተርጓሚዋ፣ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ነው፣ አገር አማን ነው ማለቷ ነበር። አክስትየዋ ግን ወርቁን አይታ ስለመጣች ቃሉን አጠበቀችው። ንጉሡ ለገበያ ቀርቧል፣ ደንበኛ ይምጣ ያለች መሰለች። ትንሽ ቆይቶ "ሠራዊቱ ይበላል" መጣ፤ ወታደሩ ምሳ ላይ ነው ለማለት የተጻፈ። ይህንንም አጠበቀችው። ሠራዊቱን አውሬ የዋጠው መሰለ።

ተርጓሚዋ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። በስንጥቁ ስታያት፣ አክስትየዋ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቷን እንደ ትራፊክ ፖሊስ እያወዛወዘች ታነባለች። ፊቷ በርቷል። ተርጓሚዋ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች። የተቀዳውንም እንዳለ ላከችው።

እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም ወደ ስቱዲዮው ተጠሩ። ከልብስ ሰፊው በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አለቃው መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱንም ድምፅ ጨዋታው ላይ ጭኖ ሲሞክር የቆየው ጎልማሳ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ሆኖ ስለሚዋጋ ፊታውራሪ የሚሉት፣ ገና ሲገቡ ብድግ አለ።

"እርስዎ ነዎት ንጉሡ ለሽያጭ ነው ያሉኝ?"

"የተጻፈውን ነው ያነበብኩት" አለች አክስትየዋ።

"እኔ እኮ አመንኩዎት! ግምጃ ቤቴን አራግፌ ለጠላት ንጉሥ ላክሁለት። ወርቄን ተቀብሎ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይለኝ መጥቶ ግንቤን ናደው።"

"አንተስ ንጉሥ ያህል ነገር ሳትከራከር ትገዛለህ?"

"ሠራዊቱስ? አለቀ ብለውኝ በስንት ፈረሰኛ ደረስኩለት። ብደርስ ሁሉም ሾርባውን ይዞ ቁጭ ብሏል!"

"የጦርነት ጨዋታ ነው ስትሉኝ፣ ስለ ሾርባ በምን ልወቅ?"

አለቃው አልሳቀም። "የማሽኑንም እንስማ" ብሎ ቁልፉን ተጫነ።

"ግንቡ ይመታል" አለ ማሽኑ፣ አላልቶ፣ እንቅልፉ እንደመጣ ሰው።

"ማንን?" አለች አክስትየዋ። "ግንቡ ተነስቶ ማንን ነው የሚመታው?"

"እኔም ይህንኑ ስጠብቅ ነው ሁለተኛው ግንብ የፈረሰብኝ" አለ ፊታውራሪ። "ድንጋይ እየወረደበት ነው ለካ። ሁሉንም ያላላል። ይጠብቅ ብዬ ፊደሉ አናት ላይ ነጥቦቹን ባደርግበት ደግሞ 'ሁለት ነጥብ' ብሎ አነበበልኝ።"

አለቃው ግንባሩን አሻሸ። "ያም ይሳሳታል፣ እርስዎም ይሳሳታሉ። መሳሳቱ ካልቀረ ነጻው ይሻለኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።"

አክስትየዋ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አስገባች። በአገጭዋ ብቻ ወደ በሩ አመለከተች። ተርጓሚዋ ያንን አገጭ ታውቀዋለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ስታነብ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት።"

አክስትየዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች ዞረች። ከታች የልብስ ሰፊው መኪና ይንኳኳል።

"ሰምተሽ?" አለች አክስትየዋ፣ ቀስ ብላ። "አዝነሽልኝ ነው?"

"ደስ ብሎሽ ነበር፣ አክስቴ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ 'ተሳስተሻል' ሲሉኝ ነው የኖርኩት! ሾፌሩ ይጮህብኛል፣ ትኬት ቆራጩ በመስኮት ይጮህብኛል፤ እኔም ወዲያው አቃናለሁ። ቢነግሩት የማይሰማው ያ ነው።" በጣቷ ማሽኑን አሳየች። "እኔን ከሱ ጋር አንድ አደረግሽኝ?"

ተርጓሚዋ ጆሮዋ እስኪግል ቀላች፤ ግን አላቀረቀረችም። "ንጉሡ ይላላል" አለች። "ሠራዊቱም ይላላል። ግንቡ ይጠብቃል።"

አክስትየዋ እዚያው፣ በሩን እንደያዘች፣ ሦስቱንም አነበበቻቸው። ንጉሡ ነገሠ፤ ሠራዊቱ ማንኪያ አነሳ። "ግንቡ ይመታል!" ስትል ግን ፊታውራሪ ሳያስበው አንገቱን ደፋ።

አለቃው ይህን ጊዜ ሳቀ። "እሺ፣ ነገ ጠዋት እንደገና ይቀዳ። ሁለት ዓይነት የሚነበበው ሁሉ ግን ዛሬውኑ ምልክት ይደረግበት።"

"የሚሸጠውን ንጉሥ ግን እንዳትጥሉት" አለች አክስትየዋ። "ባለሟሉ ሁሉ በወርቅ ከከዳ አማካሪዋ ምን ያስቀራታል? ጉቦ የቀመሰች ቀን ተጫዋቹን ለማሳሳት አጥብቃ ትበለው።"

ሁሉም ወደ ፊታውራሪ ዞሩ። እሱም ስለ ግምጃ ቤቱ ጥቂት አሰበ።

"ይግባ" አለ። "እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የምሞኘው?"

ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ፣ አክስትየዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ተርጓሚዋ በቀይ እስክሪብቶ በሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ ታኖራለች። የመጨረሻው ወረቀት ግርጌ ላይ ደረሱ።

"ሕዝቡ ይሰማል" አለች አክስትየዋ፣ አላልታ።

"ተሳስተሻል፣ አክስቴ። ጩኸቱ ቤተ መንግሥት ድረስ ደርሷል ለማለት ነው።"

"እንዲህ በይኛ!" ብላ አክስትየዋ አጥብቃ ደገመችው።

ተርጓሚዋ ነጥቦቹን አኖረች፣ እፍ ብላ ቀለሙን አደረቀች፣ ወረቀቶቹን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላ ማቀፊያው ውስጥ ከተተቻቸው። እስክሪብቶውን ከድና ከጎኑ አስቀመጠችው።