ያልተያዘ ወጪ

በዛወርቅ ከገቢዎች ቢሮ ስትወጣ ዝናቡ አላባራም ነበር። ባጃጅ ጠርታ ቤቷ መግባት ስትችል ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ቁልቁለቱን በእግሯ ተያያዘችው። ጉዳይዋ ቀላል መስሏት ነበር። በራሷ ስም አነስተኛ የንግድ ፈቃድ አውጥታ፣ ቦንጋ ገበያ ዳር ኮረሪማና ጥምዝ የመሰለ ቅመም እየቸረቸረች እስረኛ ልጇን ልትደግፍበት ነው። ወጣቱ የግብር ሠራተኛ ግን ስሟን ኮምፒውተሩ ላይ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ በዛወርቅ፣ እርስዎ የሽርክና ማኅበር አባል ነዎት። ማኅበሩ ከመስከረም ወዲህ ሂሳቡን አላሳወቀም። እሱ እልባት ሳያገኝ ለእርስዎ ከዕዳ ነፃ የሚል ክሊራንስ መስጠት አልችልም።»

«ማኅበሩ እኮ ሥራ ካቆመ ቆየ፣ ልጄ። ምን ብለን እናሳውቅ?»

«ሥራ ባይኖርም ዜሮ ተብሎ ይታወቃል። ዝም ከተባለ ቅጣቱ ይከመራል። ይዘጋልን ካላችሁ ደግሞ ሁለታችሁም ቀርባችሁ፣ የመጨረሻውን ሂሳብ አስረክባችሁ፣ የንብረቱን ነገር ተነጋግራችሁ ትፈርማላችሁ።»

«ሁለታችንም? አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ ነው እንጂ!»

ሠራተኛው ዋለ ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፤ የከተማውን ሐዘን አያውቅም። በዛወርቅም አልነገረችውም። ሌላው አባል ሀብተ ማርያም ነው። ማርቲ የተባለችውን የሀብተ ማርያምን አንድያ ልጅ ይዞ የተገለበጠውን አይሱዙ ሲነዳ የነበረው ደግሞ የበዛወርቅ ልጅ ኢያሱ ነው። ኢያሱ ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ገባ። ሽማግሌዎችም ገና ከቀብሩ መልስ ቃል አስገቧቸው፦ የልጅቷ ሙት ዓመት ወጥቶ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ የሁለቱ ቤት ሰዎች ከችሎት በቀር መንገድ ላይ እንኳ ፊት ለፊት እንዳይተያዩ። በዛወርቅ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ገበያ መውጣት ትታለች። ሀብተ ማርያም በሩቅ ካያት መንገድ ይቀይራል።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ሀብተ ማርያም የሟች ባሏ የልብ ወዳጅ ነበር። ባሏ ባለፈ ማግስት፣ «በዛ፣ አንቺ መጋዘን አለሽ፣ እኔ መኪና አለኝ። ተነጣጥለን ከምንደክም ለምን አንሸረክም?» አላት። ተስማሙ። ከሺሺንዳና ከአካባቢው ገበሬ ማርና ኮረሪማ እየሰበሰቡ ለጅማ ነጋዴ ማስረከብ ጀመሩ።

ውሉን ያዘጋጀላቸው ሰው ያን ጊዜ አስጠንቅቋቸው ነበር። መጋዘኑ ከዛሬ ጀምሮ የበዛወርቅ አይደለም፣ የማኅበሩ ነው፤ መኪናውም እንደዚሁ። ማኅበሩ ራሱን የቻለ ግብር ከፋይ ነው፤ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። የማኅበሩ ንብረት ለግብሩ ካልበቃ የየራሳችሁ ቤት ይከተላል። አንዳችሁ ለማኅበሩ ብላችሁ ያደረጋችሁት ሌላኛችሁም እንዳደረገው ይቆጠራል። ሀብተ ማርያም ሳቀ። «እኛ ወትሮስ መቼ ተለያይተን እናውቃለን!» ብሎ ፈረመ። እሷም ፈረመች።

መዝገቡን የምትይዝላቸው ማርቲ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ትማራለች፤ ከክፍል እንደወጣች መጋዘን ትመጣና እግሯን አጣጥፋ ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ገበሬ ደረሰኝ ስለሌለው፣ ማኅበሩ ለገዛው ሁሉ ሻጩ የሚፈርምበት የግዢ ወረቀት አለ። ያ ፊርማ ከሌለ የተከፈለው ገንዘብ እንደ ወጪ አይያዝም፤ ግብሩም ባልተገኘ ትርፍ ላይ ይመጣል። ስለዚህ የማሳወቂያው ቀን ሲቃረብ ማርቲ ከኢያሱ ጋር ጋቢና ገብታ ያልፈረሙትን ገበሬዎች ታስፈርማለች። ጥቅምት መጨረሻ ላይም ለዚሁ ነበር የሄዱት። ሲመለሱ ከሺሺንዳ ወዲህ ባለው ቁልቁለት አይሱዙው ከመንገድ ወጣ። ኢያሱ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ማርቲ አልተረፈችም።

ፍርድ ቤት ኢያሱ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «መኪናው አመለጠኝ።»

በዛወርቅ ከገቢዎች ቢሮ በቀጥታ ሽምግልናውን ወደያዙት ወደ ጋሽ ወልደሥላሴ ቤት ሄደች። ሽማግሌው እስክትጨርስ አዳመጧት።

«መንግሥት የእኛን ቃል አያውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ቃሉን ብናፈርስ ሙታን ይቀየሙናል፣ ባናፈርስ አንቺ ጾምሽን ታድሪያለሽ። እኔ መሐላችሁ እቀመጣለሁ። ሄጄ ልንገረው።»

ሀብተ ማርያም እምቢ ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን የገቢዎች ማስጠንቀቂያ ቤቱ ድረስ መጥቶበት ኖሯል። «እመጣለሁ» ብቻ አለ አሉ።

ከቀጠሮው በፊት ባለው እሑድ ማረሚያ ቤት ሄዳ ለኢያሱ ነገረችው። ልጁ ከእንጨቱ አጥር ወዲያ ቆሞ ሲሰማ ቆየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከጋሼ ጋር? አንድ ክፍል ውስጥ?»

«ምን ላድርግ? ሕጉ ነው።»

«እማ፣ ምንም አትበዪው። ምንም።»

«ምን እለዋለሁ? ልጁን የቀበረ ሰው ነው። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምነዋለሁ እንጂ።»

ኢያሱ አጥሩን ጨብጦ አቀረቀረ። «እግሩ ላይ እንዳትወድቂ። ፍሬኑ እኮ... ፍሬኑ እንደማይዝ ነግሬው ነበር። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ ጅማ ጋራዥ ይግባ አልኩት። ‹የዚህ ወር ሂሳብ ይለቅ፣ ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለው፤ ቀስ ብለህ ንዳ› አለኝ። ማርቲ መኖሯን እያወቀ ነው ያለኝ።»

በዛወርቅ የያዘችውን የምሳ ዕቃ መሬት አስቀመጠችው። «ለዳኛው ለምን አልተናገርክም?»

«እንዴት ብዬ? ልጁን ቀብሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አንተ ነህ የገደልካት ልበለው? ደግሞ እኔስ? አውቄ ነው የነዳሁት፣ እማ። እምቢ ማለት እችል ነበር።»

ጠባቂው ሰዓት አልቋል አለ። እንዴት ቤቷ እንደደረሰች አታውቀውም። ወራቱን ሙሉ ሀብተ ማርያም መንገድ ሲቀይር ጠላኝ፣ እውነቱን ነው ስትል ነበር። ለካ የሚሸሸው ዓይኗን ነው። እንጀራዋን ሳትቆርስ መሶቡን መልሳ ከደነችው። ይህን ሰው ነገ አየዋለሁ አለች።

በቀጠሮው ጠዋት ጋሽ ወልደሥላሴ መሐላቸው ተቀመጡ። ሀብተ ማርያም ከስቷል፤ የኮቱ ትከሻ ወርዷል። ወረቀቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጥቷል። ከማርቲ ክፍል ያወጣቸው ናቸው። የልጅቷ የፀጉር ማስያዣ አንዱ ጥራዝ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። ሀብተ ማርያም ፈትቶ ኪሱ ከተተው።

ዋለ ሰላምታ ሰጥቶ ሥራውን ጀመረ። ደግ ልጅ ነው። ቅጣቱን ባያነሳላቸውም ግብሩን የሚያቀልላቸውን ነገር ይፈልግ ጀመር።

«ማኅበሩ ሲዘጋ መጀመሪያ በንብረቱ ግብሩ ይከፈላል። መጋዘኑ አለ፤ መኪናው...» ስክሪኑን አየ። «መኪናው ተጋጭቶ ከሥራ ወጥቷል። በእርጅናና በጉዳት ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ይሄ ይጠቅማችኋል። ደግሞ የጥገና ወጪ አላይም። መስከረምም የለ፣ ጥቅምትም የለ። ደረሰኝ ካለ አምጡ፣ ይቀነስላችኋል።»

ሀብተ ማርያም «የለም» አለ።

«አይሱዙ ያለ ጥገና እንዴት ይሠራል ጋሼ? ጎማ፣ ዘይት፣ ፍሬን... አስታውሱ እስቲ። ለእናንተው ብዬ ነው።»

ሀብተ ማርያም ወለሉን ያያል። በዛወርቅ በሽማግሌው ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። ዝም ለማለት ቆርጣ ነበር የመጣችው። ኢያሱም ለምኗት ነበር።

«ንገረው እንጂ፣ ሀብቴ» አለች። «ለፍሬኑ ለምን ወጪ እንዳልወጣ ንገረው።»

ቀብሩ ካለፈ ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ ዞረው ተመለከቷት። ሀብተ ማርያም ቀና አለ።

«ነገረሽ?»

«ነገረኝ።»

«እስከዛሬ አልነገረሽም ነበር?»

«እስከ ትናንት ድረስ አንተን እግርህ ላይ ወድቄ ልለምንህ ነበር የማስበው።»

ዋለ እጁን ከኮምፒውተሩ አነሳ። ምን እንደተፈጠረ ባይገባውም መሳቅም መናገርም የሌለበት ሰዓት መሆኑ ገብቶታል።

«ወሩ ይለቅ ብዬ ነው» አለ ሀብተ ማርያም። ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «አንድ ጊዜ ይመለሱና ይጠገናል አልኩ። ፊርማው ካልተሰበሰበ ወጪው ይወድቅብናል፣ ቀኑ ካለፈ ይቀጡናል አልኩ። እሷ ራሷ፣ ‹አባዬ፣ መኪናው ይጮሃል እኮ› አለችኝ። ‹ሂጂ፣ ምንም አይልሽም› አልኳት። ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት። ልጅሽ ሲፈረድበት ተቀምጬ አየሁ፤ ሚስቴ ብርቅዬ እንዳትሰማ ብዬ ዝም አልኩ። እሷን አጥቼ በየት በኩል እኖራለሁ ብዬ።»

ጋሽ ወልደሥላሴ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው «ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ» አሉ በቀስታ።

በዛወርቅ ልትጮህ ፈለገች። ልትነሳና ፊቱን ልትቧጥጠው ፈለገች። ግን አንድ ነገር ያዛት። በዚያው ሳምንት ማርቲን መጋዘን በር ላይ አግኝታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቀኑ እንዳያልፍብን፣ ቶሎ በይ» ያለቻት እሷ ናት። መኪናውም የማኅበሩ ነው። የእሷም ነው። ፍሬን አለው ወይ ብላ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«ለዳኛው ትናገራለህ» አለችው።

«እናገራለሁ።»

«ለብርቅዬም።»

ይኼኛው ቆይቶ መጣ። «ለብርቅዬም» አለ።

ፈረሙ። ብዕሩ አንድ ስለነበር ጋሽ ወልደሥላሴ ከእሱ ተቀብለው ለእሷ ሰጧት።

ሀብተ ማርያም ቃሉን ጠበቀ። በዚያው ቀን ለብርቅዬ ነገራት። ብርቅዬ አላለቀሰችም አሉ። የልጇን ልብስ በሻንጣ አድርጋ ማንኪራ ገጠር ወንድሟ ቤት ሄደች፤ አልተመለሰችም። ከዚያ በዛወርቅና ሀብተ ማርያም ጠበቃ ዘንድ ሄዱ፤ ያለ ምንም አጃቢ፣ ሁለቱ ብቻ። ጠበቃው ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ለልጅሽ አይጠቅመውም፣ እናቴ» አላት። «ይጎዳዋል። ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ ሰው አሳፍሮ ነዳ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ ይህን ቢያገኝ ቅጣቱ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። እርስዎ ጋሼ አብረውት ይገቡ ይሆናል። እሱ ግን አይወጣም።»

«ታዲያ እውነቱ ምን ሊሠራ ነው?» አለ ሀብተ ማርያም።

ጠበቃው ትከሻውን ሰበቀ። ሀብተ ማርያም እኔ ልግባ፣ ይያዙኝ አለ። በዛወርቅ ግን አሁን የምታስበው ልጇን ብቻ ነበር።

«ዝም በል» አለችው። «አሁን ደግሞ ለኢያሱ ብለህ ዝም በል።»

ያ ዝምታ ከፊተኛው ይልቅ ከበዳት። ፊተኛውን የያዙት እሱና ኢያሱ ነበሩ፤ ይህን ግን እሷም ይዛለች።

መጋዘኑ ለውዝፉ ግብር ተሸጠ። የጅማ ነጋዴ ገዛው። በዛወርቅ ከጀርባው ትኖርባት የነበረችውን ክፍልም አብራ ለቀቀች። አልጋዋንና ድስቶቿን በጋሪ አስጭና ቤተ ክርስቲያኑ ሥር አንድ ጠባብ ቤት ተከራየች። የአይሱዙውን ቅሪት ብረት ገዢዎች እየቆራረጡ ወሰዱት፤ አንዳቸውም ሊያዩ አልሄዱም። ክሊራንሱን ዋለ በእጁ ሲሰጣት ዓይኗን አላያትም። «እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ» አለና ወደ ሌላ ባለጉዳይ ዞረ። እሷም ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ዳር ሸራ ዘርግታ ኮረሪማዋን መቸርቸር ጀመረች።

ሙት ዓመቱ ወጣ። ብርቅዬ ከማንኪራ አልመጣችም፤ ዕርቁም ሳይወርድ ቀረ። ጋሽ ወልደሥላሴ ማንን ከማን እንደሚያስታርቁ ግራ ገብቷቸው ሁለት ጊዜ ቀጠሩና ሁለት ጊዜ አፈረሱት።

ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ በዛወርቅ ማረሚያ ቤት በር ላይ ተሰልፋ ሳለ፣ ከፊቷ የቆመው ሰው ሀብተ ማርያም መሆኑን አወቀች። በፌስታል የተጠቀለለ ቆጮ ይዟል። ራሱ ነው የጋገረው፤ ዳር ዳሩ አሯል። ጠባቂው፣ «ለማን ነው?» አለው።

«ለኢያሱ።»

«ምኑ ነህ?»

ሀብተ ማርያም የፌስታሉን ቋጠሮ ይፈታ ጀመር። ጠባቂው መልስ አልጠበቀም፤ ወረፋው ረጅም ነው። «በል ቅመስ» አለው። የሚገባ ምግብ ሁሉ አምጪው ሳይቀምሰው አያልፍም።

ሀብተ ማርያም ከቆጮው ጥግ ቆረሰና አፉ ከተተ። ለረጅም ጊዜ አኘከው። ደረቅ ሳይሆንበት አልቀረም፣ ለመዋጥ ተቸገረ፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ። በዛወርቅ ከኋላው ቆማ አየችው። ውሃ ይዛ ነበር፤ አልሰጠችውም። ልስጠው ወይስ ልተወው እያለች ስታመነታ ጠባቂው ቆጮውን ተቀብሎ አሳለፈው፤ ሀብተ ማርያምም አንገቱን ደፍቶ ከሰልፉ ወጣ። ተራዋ ደርሶ ነበርና የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፈተች።