ትርፉ አሥራ አምስት ኪሎ

መኪናዋ ዋሽታለች። እህትየዋ ደብተሯ ላይ 897 ኪሎ ብላ ጽፋለች፤ ከጎማዎቹ ሥር የተዘረጉት አራት ሚዛኖች ሲደመሩ ግን 912 ይላሉ።

"ሦስቴ ደመርኳቸው" አለ ወንድምየው፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። "እትዬ፣ ሒሳብሽ ገደል ገብቷል።"

"ሒሳቤ የትም አልገባም" አለች ቀና ሳትል። "መኪናዋ ውስጥ ነው የሆነ ነገር የገባው።"

እህትየዋን ሰው ሁሉ የሚጠራት "ግራሟ" እያለ ነው። እንጀራዋ በመድኃኒት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄት መመዘን ነው። ትንፋሽ ሚዛን እንደሚያዛባ ስለምታውቅ፣ ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ነጋዴው እስኪመዝን አየር አትስብም ብለው ያሟታል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የሚኖረው ለፍጥነት ነው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት መኪናዋ ለውድድሩ ትመዘናለች፤ ከ900 ኪሎ በላይ የሆነች መኪና ከቀላሎቹ ጋር አትሰለፍም። ሁለት ዓመት የጠበቀው ይህችን ቀን ነው።

ለዚህም ሲሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ የስፖርት መኪናዋን ሆድ ዕቃ ሲያራግፉ ከርመዋል። የኋላ ወንበሮቹ 19 ኪሎ፣ ስኮርታ ጎማው ከነክሪኩ 21፣ የአየር ማቀዝቀዣው ከነቱቦዎቹ 24። የወጣው ሁሉ፣ አመድ መጣያው ሳይቀር፣ ከየትኛው ጎማ አጠገብ እንደተነቀለ ደብተሯ ላይ ሰፍሯል። ወንድምየው ከወለሉ የፋቀውን ሬንጅ በባልዲ ሞልቶ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ "ባልዲውም የመኪናዋ ነው እንዴ?" ብላ የባልዲውን ክብደት አስቀንሳዋለች።

አባታቸው አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከተነቀሉት ወንበሮች የተሳፋሪውን መርጠው፣ ጋራዡ በር ላይ አስቀምጠው፣ እዚያ ተደላድለው ልጆቻቸውን ይታዘባሉ።

"ባዶ መኪና መንገድ አይጨብጥም" ይላሉ በየቀኑ። "እኔ ጭነት ሳጣ ድንጋይ ጭኜ ነበር የምመለሰው። እናንተ ጭራሽ ወንበሯን ትነቅላላችሁ!"

"አባባ፣ ወንበሩ ባይነቀል እርስዎ ምን ላይ ይቀመጡ ነበር?" ይላል ልጃቸው።

ዛሬ ግን ልጁ ለቀልድ ጊዜ አልነበረውም። የብረት መቁረጫውን አንሥቶ ሶኬቱን ሰካ።

"ምን ልትቆርጥ ነው?" አለች እህቱ።

"በሮቹ ላይ የተገጠመውን የብረት ቱቦ። አንዱ ስድስት ኪሎ ተኩል ነው፤ ሁለቱ ሲወጡ 899 እንገባለን። ደንቡ የጣሪያውን እንጂ የበሩን ቱቦ አያስገድድም።"

ሄዳ ሶኬቱን ነቀለችው። "ከጎን ስትመታ በሩ ጎድንህ ውስጥ እንዳይገባ የሚያግደው ይሄ ቱቦ ብቻ ነው።"

"ማን ከጎኔ ይደርስና? ሁሉንም ጥያቸው ነው የምሄደው።"

"ግማሽ ሰዓት ስጠኝ። አሥራ አምስቱን ኪሎ ካላመጣሁልህ መቁረጫውን ራሴ አቀብልሃለሁ።"

ጋራዡ በር ላይ የወንበሩ ስፕሪንግ ሲጥ አለ። አባታቸው ተነሥተው ቆመዋል።

እሷ አልተቻኮለችም። ነዳጁን በለካችበት ዘንግ እንደገና ለካች፤ ያው ነው። ከመሥሪያ ቤቷ በውሰት ያመጣችውን የሃያ ኪሎ መለኪያ በአራቱም ሚዛን ላይ አዟዙራ አስቀመጠች፤ አራቱም ሃያ አሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ጎማ ስንት መሸከም እንዳለበት ከደብተሯ እያወጣች ከሚዛኑ ጋር አስተያየች። የፊት ግራ፣ ልክ። የፊት ቀኝ፣ ልክ። የኋላ ግራ፣ አንድ ኪሎ ትርፍ። የኋላ ቀኝ፣ አሥራ አራት።

"አየህ?" አለች። "የተሳሳትኩት እኔ ብሆን ትርፉ በአራቱም ላይ ይበተን ነበር እንጂ አንድ ጥግ ላይ አይከመርም። ይሄ አድራሻ ያለው ስህተት ነው።"

ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኛች። ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈትታ እጇን ወደ ጎድጓዳው ላከች። መጀመሪያ ጨርቅ ነካች፣ ከጨርቁ ሥር ብረት፣ ከዚያ ገመድ። ቋጠሮውን በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ ሁለት ዙር፣ አንድ የተገለበጠ ማሰሪያ። በልጅነቷ ከፍራሽ እስከ ደብተር ቦርሳዋ ድረስ፣ በቤታቸው የታሰረ ነገር ሁሉ የታሰረው በዚህ ቋጠሮ ነበር።

"አባባ" አለች እንደተኛች።

"ማክሰኞ ነው ያስገባሁት" አሉ አባታቸው። "ምሳ ስትሄዱ። ቀላል መኪና ኩርባ ላይ ትበራለች፤ ትንሽ ትክበድለት ብዬ ነው። እንዳይንኳኳም በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።"

ወንድምየው ወደ አባቱ ዞረ። እሳቸው ግን የሚያዩት መቁረጫውን ነበር።

"እና እኔ ላድነው ብዬ የደበቅሁት ብረት" አሉ ቀስ ብለው፣ "የሚያድነውን ብረት ሊያስቆርጥ ነበር?"

"ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር" አለች ልጃቸው።

አባታቸው ወደ ጎማው ጠጋ አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "ተነሺ፣ እኔ ልፍታው። አንቺ ታጠብቂዋለሽ።"

ብረቱ ከነጨርቁ፣ ከነገመዱ፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሆነ። ወንድምየው መቁረጫውን መደርደሪያው ላይ መልሶ የእህቱን ግንባር ሳመ። "ገደል የገባሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"አሁን ስንት ይቀረናል?" አሉ አባታቸው።

"እስከ ዘጠኝ መቶ ሦስት ኪሎ።"

"እንግዲያው ትንሽ ለእኔ ይፈቀድልኝ።" ሲቀመጡበት ከከረሙት ወንበር ስፖንጁን ቀደው፣ ልጃቸው ክርኑን የሚያሳርፍበትን የበሩን ቱቦ ሊጠቀልሉበት ሄዱ።

"መጀመሪያ ሚዛን ላይ" አለች ግራሟ።

"አባትሽን አታምኚም?"

"ዛሬ? አላምንም።"

ስፖንጁ ከነሲባጎው ሰባት መቶ ግራም ነበር። ጻፈችው፤ እሳቸውም አሰሩት።

በዘጠኝ ሰዓት የውድድሩ መዛኝ መኪናዋን ሚዛን ላይ አስወጣና "ስንት ነው ያላችኋት?" አለ። ወንድምየው በአገጩ ወደ እህቱ ጠቆመ።

"ስምንት መቶ ዘጠና ሰባት ከሰባት መቶ ግራም" አለች።

መዛኙ ቁጥሩን አነበበ፣ እሷን አየ፣ ቁጥሩን ደግሞ አየ። "ስምንት መቶ ዘጠና ስምንት ነው የሚለው። የእኛ ሚዛን ግራም አይቆጥርም።"

"አይፈረድበትም" አለች።

መዛኙ በበሩ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ነቀነቀ፣ ስፖንጁን ተጫነ፣ ቋጠሮውን በጣቱ ጎተተ። ንቅንቅ አላለም። "ይሄንን ደግሞ ማን አሰረው?"

አባታቸው ደረታቸውን ነፍተው ወደ ፊት ወጡ።

"እኔ" አሉ። "ግን ተመዝኗል።"