አምስተኛ ፎቅ፣ ጥግ፦ የፍሬገነት ቤት እንከኖች

1

በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ።

የኔ በር ሲከፈት እንደ አህያ ያናፋል። የሷ ዝም። ጉድለት አንድ ብዬ ልጽፍ ተዘጋጅቼ ስለነበር ትንሽ ከፋኝ።

2

ማን ማን እንደሆነ ልንገራችሁና እንቀጥል።

እኔ ጥሩወርቅ ነኝ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ አንድ ልጅ አለኝ። ፍሬገነት ጓደኛዬ ናት፤ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። በመምህራን ማኅበር ተደራጅተን አንድ ሕንፃ ላይ ቤት ገዛን። የሷ አምስተኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ፣ የረር ተራራን ፊት ለፊት የሚያይ። የኔ አንደኛ ፎቅ፣ ጄኔሬተሩን ፊት ለፊት የሚያይ።

ዛሬ የሁለታችንም ርክክብ ነው። ከተፈረመ በኋላ “ይሄ ተሰንጥቋል፣ ያ ያፈሳል” ማለት የለም፤ ሴራሚክ ሠራተኛውና ቀቢው ይገባሉ። የራሴን ቤት ባለፈው ሳምንት በደንብ ስለፈተሽኩ ፍሬ “የኔንም እይልኝ፣ እኔ ምኑን አውቄው” ብላ ለመነችኝ።

እሺ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ጉድለት ላገኝባት ነዋ።

3

*ወለል እንዴት ይፈተሻል*

ብይ ያዙ። ክፍሉ መሀል አስቀምጡትና ልቀቁት። ከተንከባለለ ወለሉ ዘንበል ብሏል።

ሳሎን፦ አልተንከባለለም።

ትልቁ መኝታ፦ አልተንከባለለም።

ትንሹ መኝታ፦ ፍሬ ዞር ስትል በጫማዬ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ትንሽ ሄዶ ቆመ።

የኔ ሳሎን ውስጥ ብዩ ራሱ በሩን ፈልጎ ወጥቷል።

4

*መታጠቢያ ቤት። እንደተነጋገርነው።*

(አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ደፋሁ። ውሃው ወደ ጥግ አልሸሸም፣ ወደ በሩ አልመጣም፤ ተግቶ ወደ ማስወገጃው ሄደና ገባ።)

ፍሬ፦ ደህና ነው?

እኔ፦ እስካሁን።

ፍሬ፦ ፊትሽ ግን ደህና አይመስልም።

እኔ፦ ደረጃው ነው ያደከመኝ።

ፍሬ፦ ጥሩዬ፣ በናትሽ እንዳትሸፋፍኚልኝ። ያየሽውን ንገሪኝ።

እኔ፦ መቼ ሸፋፍኜ አውቃለሁ? አባትሽን ግን የት ልታስተኚያቸው ነው?

ፍሬ፦ እሱን... ቆይ፣ መጀመሪያ ጨርሺልኝ። የምነግርሽ አለ።

(የምትነግረኝ ነገር የመጋረጃ ቀለም መሰለኝ።)

5

ጉድለት፦

የለም።

ጉድለት፦

የለም።

ጉድለት፦

የረር።

ከሳሎኑ መስኮት ተራራው ሙሉውን ይታያል። ከሥሩ ጉም ነበር፣ ከላዩ ፀሐይ። ፍሬ አጠገቤ ቆማ “አያምርም?” አለች። “ያምራል” አልኩ፤ እርር ድብን አልኩ። ይሄ መስኮት የኔ መሆን ነበረበት።

6

ለምን የኔ መሆን እንደነበረበት።

ዕጣው የወጣው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ነው። የዚያን ቀን የፍሬ አባት ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ሆስፒታል ስለገቡ “ለኔም አንቺው አውጪልኝ” አለችኝ። የተጠቀለሉት ወረቀቶች የዘበኛው ባርኔጣ ውስጥ ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ የኮሚቴው ጸሐፊ “መጀመሪያ የሚወጣው የማን ይሁን?” ብሎ ጠየቀኝ።

አዳራሹ ሙሉ መምህር ያየኛል። “የኔ” ብል ምን ይሉኛል? ጓደኛዋ ሆስፒታል ተቀምጣ እሷ ተሽቀዳደመች አይሉኝም?

“የፍሬ ይሁን” አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ጸሐፊው “ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው” አለ። ወረቀቱን ፈታሁት፦ አምስተኛ ፎቅ፣ ጥግ። ቀጥዬ የኔን ፈታሁት።

ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ! ማንም አልቀማኝም፣ ማንም አላጭበረበረኝም። በገዛ ይሉኝታዬ፣ በገዛ እጄ አውጥቼ የሰጠኋት ቤት ነው። የቀማኝ ሰው ቢኖር እሱን እየረገምኩ ይወጣልኝ ነበር።

7

እስካሁን “ይቺ ሴትዮ ቀንታለች” ብላችሁ ካሰባችሁ ልክ ናችሁ።

ስትስቅ እቀናለሁ። ግድግዳውን በመዳፏ ስትዳስስ እቀናለሁ። “ጠዋት ፀሐይ የሚገባው በዚህ ነው” ስትል በፀሐዩ ሳይቀር እቀናለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ልጅ ሆኜ ደብተሬ ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ፤ ምንም አልጠቀመኝም። ነገሩን በቁጥር እየቆራረጥኩ የምነግራችሁም ለዚህ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ካወራሁት ልጮህ እችላለሁ።

8

*ስንጥቅ እንዴት ይፈተሻል*

በቁልፍ መታ መታ አድርጉ። ከዚያ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ደህና ከሆነ የልስን ስንጥቅ ነው፤ ልስን ሲደርቅ እንዲያ ያደርገዋል። ቀቢው በስቱኮ ይደፍነዋል፣ ይረሳል።

አገኘሁ! በረንዳው በር አጠገብ፣ ሕንፃውን የተሸከመው ምሰሶ፣ ኮለኑ ላይ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ።

ፍሬ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። መታ መታ አደረግኩ። ፋቅ አደረግኩ። ኮንክሪቱ እንደ አለት ነው።

የልስን ስንጥቅ ነበር። እንደዚህ ያለው እኔ ቤት በየግድግዳው አለ።

9

ፍሬ፦ ምን አገኘሽ?

እኔ፦

ፍሬ፦ ጥሩዬ?

እኔ፦ ኮለኑ ነው።

ፍሬ፦ ኮለኑ ምን ሆነ?

እኔ፦ ተሰንጥቋል። ላዩ ብቻ አይደለም፣ ከውስጥ ነው የመጣው።

ፍሬ፦ ውይ በሞትኩት! ይወድቃል?

እኔ፦ መውደቅ እንኳ አይወድቅም። ግን እየሰፋ ይሄዳል። እኔ ብሆን አልጋ እዚህ አላስጠጋም።

ፍሬ፦ በቃ፤ አንቺ ካልሽ ነው።

10

ጣፈጠኝ።

 

 

ትንሽ ጊዜ።

11

ፍሬ ባልዲውን ገልብጣ ቁጭ አለችበት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች።

ፍሬ፦ የማን ዓይን እንዳረፈበት እንጃ።

እኔ፦ አይዞሽ።

ፍሬ፦ ዛሬ የጠራሁሽ እኮ ለፍተሻው ብቻ አይደለም። ቤት እንለዋወጥ ልልሽ ነበር።

እኔ፦ ምን?

ፍሬ፦ አባዬ በዚያ ጉልበቱ አምስት ፎቅ ይወጣል? ሊፍት ይገባል ይላሉ፤ ቦታው እስካሁን ባዶ ጉድጓድ ነው። ቢገባስ፣ መብራት ሲጠፋ? ያንቺ አንደኛ ፎቅ ለሱ ገነት ነው። ኮሚቴውንም ጠይቄያለሁ፤ ሳትፈርሙ ከሆነ ትችላላችሁ ብለውኛል። ስንቴ ልነግርሽ መጥቼ አፍሬ ተመለስኩ። አውጥቼ በሰጠኋት ዕጣ ደግሞ ታማርራለች እንዳትዪኝ ብዬ።

እኔ፦ እንለዋወጣ! እንለዋወጥ።

ፍሬ፦ አሁንማ እንዴት ተደርጎ? ልጅ ይዘሽ የተሰነጠቀ ኮለን ሥር ላስተኛሽ?

እኔ፦ ግድ የለኝም። አስጠግነዋለሁ።

ፍሬ፦ አየሽ? ለኔ ብለሽ እኮ ነው። አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ፤ ያኔም የኔን አስቀደምሽ። አይሆንም። ሰውስ ምን ይለኛል? ጉዱን አውቃ ጓደኛዋ ላይ ጣለችው ነው የሚሉኝ።

እኔ፦ እሺ ታች ለሚጠብቀን ፎርማን እንንገረው።

ፍሬ፦ ተይው። መሐንዲስ ይምጣ፣ ይታይ ሲባል የሁሉም ርክክብ ይቆማል። ስንቱ መምህር ኪራይ ቤት ተቀምጦ ቁልፍ ይጠብቃል፤ በኔ ምክንያት አይዘግይባቸው። ድርሻዬ ነው፣ እችለዋለሁ።

ከዚያ ኮለኑን ዳበስ አደረገችው፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳበስ።

12

“ልስን ነው” ብል ቤቱ የኔ ነው። የረር የኔ ነው። አባቷም ደረጃ ከመቁጠር ይድናሉ።

ግን ፍሬ ሞኝ አይደለችም። ስፍቀው አጠገቤ ነበረች፤ ተሳስቼ ነው ብላት አታምነኝም። ልውውጡን ከሰማሁ በኋላ ለምን አፌ እንደተከፈተም ይገባታል። ቤቱን ትሰጠኝ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ደህና አደርሽ እንባባላለን፣ በቃ።

ዝም ብል ደግሞ ጓደኛዬ ሆና ትኖራለች። አባቷን በወንበር አሸክማ ታወጣለች፤ በየጠዋቱ ተነስታ ያችን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ሰፋች ወይ እያለች ታያለች። አንድ ቀን ቀቢው “ይሄማ ልስን ነው” ይላት ይሆናል። ያን ቀን እሱን ታምን ይሆን ወይስ እኔን? ይሄን ሳስበው በጣም ፈራሁ።

ዋሽቶ የተያዘ ተማሪ ፊቴ ሲቆም “እውነቱን ተናገርና ይቅለልህ” እለዋለሁ። አሁን እኔ እውነቱን ብናገር ግን ለፍሬ ብዬ ይሁን ለቤቱ ብዬ፣ እኔ ራሴም አላውቀውም።

እናንተስ ብትሆኑ?

13

ፎርማኑ ከታች ተጣራ። “መምህር! ትፈርማላችሁ ወይስ ምሳ በልተን እንምጣ?”

“መጣን!” አለች ፍሬ። ቀሚሷን አራገፈች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። የመጀመሪያውን ደረጃ ወረደች። ሁለተኛውን ልትወርድ እግሯን ስታነሳ ጠራኋት።

እኔ፦ ፍሬ።

ፍሬ፦ ወዬ።

እኔ፦